ቡአ፣ ሄርኒያ፣ ጥገና

ሐኪም ፊት ቀርቦ በግልጽ «ቡአ አለብኝ» የሚል ወንድ ብዙ አይደለም። «እዚህ ጋ ይከብደኛል» ይላል፤ «ሸክም ሳነሳ አንድ ነገር ይወጣና ስተኛ ይመለሳል» ይላል፤ ስሙን ግን ከአፉ አያወጣውም። ለወንድሙ እንኳ ሳይናገር ዓመታት የሚያልፉበት ሰው አለ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት አጥቶት አይደለም፤ ስሙ ራሱ ያሳፍረዋል። በሰፈር እንደ ስድብ፣ በልጆች አፍ እንደ መሳለቂያ ሲነገር የኖረ ቃል ነውና። ሐኪሙ «ሄርኒያ ነው» ሲለው ግን ፊቱ ይፈታል። ቃሉ ከሩቅ የመጣ ስለሆነ ንጹሕ ይመስለዋል።

ንጹሕ ግን አልነበረም። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ኬልሱስ ስለ ሕክምና በላቲን የጻፈው ባለ ስምንት መጽሐፍ ሥራ እስከ ዛሬ አለ። ስለ ቀዶ ሕክምና በሚያወሳበት በሰባተኛው መጽሐፍ፣ የሆድ ዕቃ ወደ ቆለጥ ከረጢት የሚወርድበትን ሕመም ያነሣል። ግሪኮች አንጀት ሲወርድ ኤንቴሮኬሌ፣ ሞራ ሲወርድ ኤፒፕሎኬሌ እያሉ እንደሚለዩት ይገልጽና፣ በራሱ ሕዝብ ዘንድ ግን ሁለቱም በአንድ ስም እንደሚጠሩ፣ ስሙም ለጨዋ አፍ የማይመች እንደሆነ ይመሰክራል። ያ ስም ሄርኒያ ነው።

ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ ከ«ቡአ» ሸሽቶ የሚጠለልበት ቃል፣ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሮማዊው ራሱ የሚያፍርበት ቃል ነበር ማለት ነው። በዚህ ቃል ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የማየው ይህንን ነው። ቃሉ ባሕር ተሻግሮ ወደ እኛ ሲመጣ እፍረቱን እዚያው ጥሎት መጣ፤ እኛ ደግሞ የራሳችንን እፍረት በራሳችን ቃል ላይ ጭነን ቀረን። ነውሩ በድምፁ ውስጥ ቢኖር ኖሮ አብሮት በመጣ ነበር።

የሄርኒያ ሥር አንጀት ነው። በላቲን ሂራ ማለት አንጀት ሲሆን፣ ከዚሁ ቤተሰብ ሀሩስፔክስ የሚባል ቃልም ተወልዷል፤ የታረደ እንስሳ የሆድ ዕቃ አይቶ የሚመጣውን የሚናገር ሰው፣ በእኛ አነጋገር ሞራ ገላጭ ማለት ነው። ሮማውያን ጥበቡን ከጎረቤቶቻቸው ከኤትሩስካውያን ተቀበሉት፤ እነዚያ በይበልጥ የሚያነቡት ጉበቱን ነበር፤ የእኛዎቹ ሞራውን ያያሉ። ሞራ ደግሞ ለዚህ ሕመም እንግዳ አይደለም። አንጀትን ከፊት የሚሸፍነው ስባም ገበር ነው፤ የሆድ ግድግዳ በሳሳበት ቦታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሾልከውም እሱ ነው። ቀዶ ሐኪሙ «ኦሜንተም» ብሎ የሚጠራው፣ በግ ሲታረድ ቆሞ ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በዓይኑ የሚያውቀውን ነው። ለዚህ ነገር የባዕድ ቃል የምንበደርበት ምክንያት አይታየኝም።

በግሪክ በኩል ያለው የሄርኒያ ዘመድ ኮርዴ ነው። ኮርዴ መጀመሪያ አንጀት ማለት ነበር፤ ኋላ ከአንጀት የተሠራ የክራርና የመሰል መሣሪያ ጅማት ሆነ፤ ከዚያም በላቲን አልፎ በአውሮፓ ቋንቋዎች የገመድና የአውታር ስም ሆኖ ተሰራጨ። ይህን የትርጉም ጉዞ ለሌላው ሕዝብ ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል፤ ለእኛ አያስፈልግም። የበገናችን አሥር አውታሮች ከበግ አንጀት ይሠራሉ። አንጀት ደርቆ፣ ተፍቆ፣ ተገምዶ ድምፅ ሲሰጥ በየጾሙ እንሰማለን። ካትገት የሚባለው የቀዶ ሕክምና ክርም የሚሠራው ከበግ አንጀት ነበር፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሄርኒያን በዚሁ ክር የሰፉ ሐኪሞች ነበሩ። አንጀት የሾለከበት ሆድ በአንጀት ተሰፍቷል ማለት ነው።

በአንዳንድ የቀዶ ሕክምና መጻሕፍት መግቢያ ላይ ግን ሌላ ነገር ይነበባል። ሄርኒያ የመጣው ኤርኖስ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፣ ትርጉሙም ቡቃያ ወይም ቀንበጥ ነው ይባላል። ከቆዳ ሥር ብቅ ማለቱን ስለሚገልጽ ደስ የሚል ፍቺ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ ከሌላው እየቀዳ ያቆየውም በማማሩ ይመስለኛል። የላቲን ሥርወ ቃል መዛግብት ግን ቃሉን የሚያስቀምጡት ከሂራ፣ ከአንጀቱ ጎን ነው።

ግሪኮች ለሕመሙ የመረጡት ኬሌ ሌላ መንገድ ሄደ። ኬሌ እብጠት ነው። ሐኪሞች ዛሬ ሃይድሮሲል፣ ቫሪኮሲል ሲሉ የቃሎቹ ጅራት እሱ ነው። ወደ ዐረብ ሐኪሞች ቂላ ሆኖ ገባ፤ በዕብራይስጥም ቂላ ተባለ።

የእኛ ቡአ በአገልግሎቱ ከኬሌ ወገን ነው። የሚሰይመው የሚታየውን እብጠት ነው እንጂ ውስጡ አንጀት ይሁን ውኃ አይጠይቅም። በሕዝብ አፍ ሁለቱም ቡአ ናቸው። በሕክምና ግን የተለያዩ ናቸው፤ አንደኛው የሆድ ዕቃ በብሽሽት በኩል ሲወርድ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው በቆለጥ ዙሪያ ፈሳሽ ሲቋጠር የሚመጣ ነው። በአገራችን ምዕራባዊ ቆላ፣ በትንኝ በሚተላለፍ ትል ምክንያት እግር በሚያብጥባቸው አካባቢዎች፣ የሁለተኛው ዓይነት ለብዙ ወንዶች የዕለት ተዕለት መከራ ነው። አንድ ስም ሁለቱን ሲሸፍን ሁለቱም ሰዎች እኩል ያፍራሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ሕክምና ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ሲተኙ ወይም በእጅ ሲገፋ ወደ ሆድ የሚመለስ፣ ሲያስሉና ሲያምጡ የሚወጣ ከሆነ ሄርኒያ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ቀሪውን ሐኪም ይለየዋል።

ቃሉ ቡአ፣ ቡኣ፣ ቡዓ እየተባለ ተጽፎ ይገኛል። አማርኛ የአልፋውን «አ»ና የዐይኑን «ዐ» በድምፅ ካዋሐደ ወዲህ ፊደሉ ለሥሩ ምስክር ሊሆን አይችልም። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ቦአ፣ «ገባ»፣ የሚለው ግሥ ትዝ ይለዋል፤ አንጀት ቦታውን ለቆ ሌላ ስፍራ መግባቱን ያስብና «አገኘሁት» ይላል። እኔ እዚህ ላይ እቆማለሁ። ድምፅና ሐሳብ መግጠማቸው ብቻውን የዘር ማስረጃ አይሆንም፤ ቀንበጡን ያበቀለውም ይኸው ችኮላ ነበር።

እስካሁን ያየናቸው ስሞች ወይ ዕቃውን ወይ እብጠቱን ይጠራሉ። ሌሎች ቋንቋዎች ደግሞ ዓይናቸውን ያሳረፉት በቀዳዳው ላይ ነው፤ እኔ የማደላው ለእነሱ ነው።

በዐረብኛ ሄርኒያ ፈትቅ ይባላል። ፈተቀ ማለት ስፌት ፈታ፣ ቀደደ ነው። ሪያድም ሆነ ዱባይ ታምማ ሐኪም ቤት የሄደች እኅታችን ይህን ቃል በወረቀቷ ላይ ታገኘው ይሆናል። ፈትቅ ብቻውን አይቆምም፤ ረትቅ የሚባል መልስ አለው፣ መጣፍ፣ መግጠም፣ የተተረተረውን መልሶ መስፋት ማለት ነው። ቁርኣን በሱረቱል አንቢያ ሰማያትና ምድር ተጣብቀው ነበሩ፣ ከዚያም ተለያዩ ሲል የሚጠቀመው በእነዚሁ በሁለቱ ሥሮች ነው። በዐረብኛ ሕክምና የሄርኒያ ቀዶ ጥገና ረትቀል ፈትቅ ሲባል ሁለቱ ቃላት እንደገና ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሕመሙና መድኃኒቱ በአንድ ትንፋሽ ይነገራሉ።

በዕብራይስጥ ቂላን የተካው ቤቃ ነው። ሥሩ መሰንጠቅ ነው፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 14 ባሕሩ ሲከፈል፣ በዘፍጥረት ምዕራፍ 7 የጥልቁ ምንጮች ሲነደሉ የተነገረው በዚሁ ግሥ ነው። እስራኤል ያሉ፣ ኦሪቱን በግዕዝ እየሰሙ ያደጉ አረጋውያን ወገኖቻችንን የዚያ ታሪክ የዕብራይስጥ ግሥ በሆስፒታል የሕመማቸው ስም ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ጀርመኖች ላይስተንብሩኽ ይላሉ፣ የብሽሽት ስብራት፤ ፍራንክፈርት ያለ ሐበሻ ቃሉን ሰምቶ «የትኛው አጥንቴ ተሰበረ?» ቢል አይፈረድበትም። በእንግሊዝኛም የቀድሞው የሕዝብ ስሙ መቀደድ፣ መፈንዳት ነበር። ሩስያኛ ብቻውን ወጣ ይላል፤ ግሪዣ የሚለው ቃሉ የመጣው «ጋጠ፣ ቦረቦረ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ሕመሙን ከውስጥ እንደሚግጥ ነገር ነው ያዩት።

ጆንያ ተቀዶ እህል ሲፈስ የሚሰፋው ጆንያው ነው፤ እህሉ ጥፋት የለበትም። ሄርኒያም ይኸው ነው። አንጀቱ ጤነኛ ነው፣ ሞራው ጤነኛ ነው፤ የላላው ወይም የተሸነቆረው የሆድ ግድግዳ ነው። ይህን ያየ ስም ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው ቦታ ይመራል። እብጠቱን ብቻ ያየ ስም ግን ለብዙ ዘመን ሐኪምንም አሳስቷል፤ በአውሮፓ መካከለኛ ዘመን ከመንደር መንደር እየዞሩ ሄርኒያ የሚቆርጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቆለጡንም አብረው ያወጡት ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብርዋዝ ፓሬ ይህን ድርጊት አጥብቆ ተቃውሟል። «ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ወንድነቴ ያልቃል» የሚለው ፍርሃት ያለ ታሪክ አልበቀለም ማለት ነው፤ ዛሬ ግን መሠረት የለውም። ሐኪሙ የሚሠራው ግድግዳው ላይ ነው።

ግድግዳው የሚሳሳበት ቦታ የታወቀ ነው። አንደኛው እምብርት ነው፤ በግዕዝ ሕንብርት፣ በአማርኛ «ሕ» ወደቀች፣ «ን» ከ«ብ» ፊት «ም» ሆነች። እምብርት እትብት ያለፈበት በር ነው። «እትብቴ የተቀበረበት» ስንል አገር እናስባለን፤ በሰውነት ላይ ግን እትብት ትቶት የሄደው መዘጋት ያለበት ቀዳዳ ነው። በሕፃናት ላይ ሳይዘጋ ቢቆይ አብዛኛው እስከ 4 ወይም 5 ዓመት ድረስ ራሱ ይዘጋል፤ በብዙ አገር እናቶች እንደሚያደርጉት ሳንቲም አስሮ መጫን ግን ምንም አይረዳም፣ ቆዳም ያቆስላል።

ሁለተኛው ብሽሽት ነው፤ ከሆድ ግድግዳ ሄርኒያዎች ሦስት አራተኛ የሚሆነው በዚህ በኩል ይመጣል። ወንድ ልጅ በማሕፀን ሳለ ቆለጡ የሚፈጠረው ሆዱ ውስጥ ነው። በእርግዝናው የመጨረሻ ወራት በብሽሽት በኩል ወደ ከረጢቱ ይወርዳል፣ መንገዱም ከኋላው መዘጋት ይገባዋል። ያለ ጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ይህ መንገድ ክፍት ሆኖ መቅረቱ ይበዛል። ከእምብርቱ በተለየ የሕፃን የብሽሽት ሄርኒያ ራሱን አይዘጋም፤ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል። በአዋቂ ላይ ደግሞ የቆየ ሳል፣ የሆድ ድርቀት ምጥ፣ እርግዝና፣ ውፍረት፣ ዕድሜ ግድግዳውን ይፈትኑታል። ከ100 ወንዶች 27 ያህሉ፣ ከ100 ሴቶች 3 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው የብሽሽት ሄርኒያ እንደሚገጥማቸው ይገመታል። ከአራት ወንድ አንዱን የሚነካ ነገር የጥቂቶች ነውር ሊሆን አይችልም። ሴቶችን በይበልጥ የሚያጠቃው፣ ከብሽሽት እጥፋት ዝቅ ብሎ በጭን መነሻ ላይ የሚወጣው ዓይነት ትንሽ ስለሆነ ይዘነጋል፤ አደገኛነቱ ግን ከፍ ያለ ነው። ሦስተኛው ቦታ የቀድሞ ቀዶ ሕክምና ጠባሳ ነው፤ በቀዶ የወለደች እናት በጠባሳዋ በኩል እብጠት ካየች «ውፍረት ነው» ብላ ማለፍ የለባትም።

አሁን ወደ አማርኛው ወደ ቀዶ ጥገና ልምጣ። የቀድሞው አፍ «ኦፕራሲዮን» ይላል፤ ዛሬም በየቤቱ አለ። በዚያ ቃል ውስጥ ሰው የሚሰማው ቢላዋውን ነው። ቀዶ ጥገና ግን ሁለት እግር አለው። ቀዶ ከቀደደ ነው፤ ጥገና ከጠገነ። ጠገነ ቤት ላዘመመበትም፣ አጥንት ለተሰበረበትም የምንለው ግሥ ነው፤ የላላውን ማጥበቅ፣ የተለያየውን አገናኝቶ ማሰር። ሌሎች ቀዶ ሕክምናዎች ብዙ ጊዜ የታመመውን ቆርጦ ማውጣት ናቸው፤ የትርፍ አንጀት፣ የዕጢ፣ የእንቅርት። በሄርኒያ ሐኪሙ ከሰውዬው የሚወስደው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የወጣውን ይመልሳል፣ ግድግዳውን ይጠግናል። ቀዶ ጥገና የሚለው ስም በሙሉ ትርጉሙ የሚገጥመው ለዚህ ሥራ ነው ብዬ እፈርዳለሁ።

ጥገናው እንዲህ በግልጽ ጥገና የሆነው በቅርቡ ነው። ኤዶአርዶ ባሲኒ የሚባል ጣሊያናዊ እ.ኤ.አ. በ1867 ለጣሊያን አንድነት በታገለው በጋሪባልዲ ፈቃደኞች መካከል ሲዋጋ በሳንጃ ብሽሽቱ ላይ ቆሰለ፤ ከዚያ ተርፎ በፓዶቫ የቀዶ ሕክምና መምህር ሆነ። ከእሱ በፊት ብዙዎቹ የሚሰፉት የብሽሽቱን መንገድ የውጭ በር ብቻ ስለነበር ሕመሙ ቶሎ ይመለስ ነበር። ባሲኒ መንገዱን ከፍቶ የኋላውን ግድግዳ ከሥሩ በክር ገነባ፤ ሥራውንም በ1887 ይፋ አደረገ። ያም ሆኖ ርቆ የነበረን ሥጋ ጎትቶ መስፋት ክሩን ያስጨንቀዋል፤ የተወጠረ ስፌት ደግሞ ይተረተራል። አሜሪካዊው ፍራንሲስ አሸር በ1950ዎቹ መጨረሻ የፕላስቲክ መረብ አስገባ፤ በሎስ አንጀለስ ኧርቪንግ ሊክተንስታይን በ1980ዎቹ ሥጋውን ሳይጎትቱ መረቡን እንደ መጣፊያ የማልበሱን ዘዴ ለዓለም አስተማረ። ዛሬ በጠባብ ቀዳዳ በካሜራ እየታየ የሚሠራም አለ። በዓለም በየዓመቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ የብሽሽት ሄርኒያ ጥገናዎች ይደረጋሉ።

ሐኪሞቻችን ይህን መረብ «ሜሽ» ይሉታል። መረብ የግዕዝ መርበብት ዘመድ ነው፤ ዓሣ የሚያጠምደውም፣ በአስማት ጸሎቱ በመርበብተ ሰሎሞን አጋንንትን የሚይዘውም መረብ ነው። «ሆድዎ ውስጥ ሜሽ እናስገባለን» የተባለ ገበሬ ይደነግጣል፤ «የሳሳውን ቦታ በስስ መረብ እንደግፈዋለን፣ ሥጋዎ በመረቡ ዓይኖች መካከል አድጎ ይይዘዋል» ቢባል ግን ነገሩ ይገባዋል። መረቡ ውድ በሆነበት አገር ደግሞ ሌላ የቤት ቃል ገባ፣ አጎበር። ከትንኝ መከላከያ አጎበር ጨርቅ ተቆርጦ በሆስፒታል ከጀርም የጸዳ መረብ በዩጋንዳ በ302 ወንዶች ላይ ከፋብሪካው መረብ ጋር ተነጻጽሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በአንድ ዓመት ክትትል ውስጥ በሕመሙ መመለስ ረገድ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። በአፍሪካ ምድር የተሠራ፣ ለድሃ ሆስፒታል የሚሆን ዕውቀት ነውና ኮርቼ ነው የምጽፈው።

ሐኪሞች ለሄርኒያ ከሚሰጧቸው ስሞች አንዱን ሁሉም ሰው ሊያውቀው ይገባል፤ የታነቀ ሄርኒያ። ላቲኑም አማርኛውም እዚህ ላይ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ማነቅ ይላሉ። የወጣው አንጀት በጠባቡ ቀዳዳ አንገቱ ተይዞ መመለስ ያቅተዋል፣ ደሙ ይቋረጣል፣ በሰዓታት ውስጥም መሞት ይጀምራል። ትንሽና የማያሳምም ሄርኒያ ያለበት አዋቂ ወንድ በሐኪም ክትትል ሊቆይ ይችላል፤ ቀጠሮ ይዞ በሰላሙ ቀን መጠገን የሚችለውም እሱ ነው። የታነቀው ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ለራሳችሁም ለአባቶቻችሁም ልብ በሉ። የነበረው እብጠት በድንገት ከጠነከረ፣ እንደ ወትሮው አልመለስ ካለ፣ ሕመሙ ከበረታ፣ ቆዳው ከቀላ ወይም ከጠቆረ፣ ማስታወክ ከመጣ፣ ዐይነ ምድርና አየር መውጣት ካቆመ፣ አትሹት፣ በግድ አትግፉት፣ እስኪነጋም አትቆዩ። በዚያው ሰዓት ቀዶ ጥገና ወደሚሠራበት ሆስፒታል ሂዱ።